መጀመሪያ በአማርኛ የሰሙትን ዜና አምጪላቸው

እህቴ «የማታ ተማሪዎቼ ጎልማሶች ናቸው፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ሰልችቷቸዋል፣ የሰሞኑን ዜና ይዤ ብገባ ይከብዳቸው ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በበጎ ፈቃድ ማታ ማታ ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነው፣ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው፣ ፓርኪንግ የሚሰሩ አሉ፣ ኡበር የሚነዱ፣ አዛውንት የሚንከባከቡ፣ በዲቪ ከመጡ ገና ወር ያልሞላቸው። ዜና ይከብዳል ወይ ላልሽው አዎ ይከብዳል፣ ግን የሚከብደው ወሬውንም እንግሊዝኛውንም አንድ ላይ ስትጭኚባቸው ነው። ወሬውን ቀድመው ካወቁት አዲስ የሚሆንባቸው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ማታ በአማርኛ ሰምተውት፣ ስራ ቦታ ሲያወሩት ውለው የመጡትን ዜና ነው የማመጣው።

የባልቲሞሩን ድልድይ ልንገርሽ። ማርች 26, 2024 ዳሊ የምትባል የጭነት መርከብ መብራት ጠፍቶባት ሄዳ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መታችው፣ ድልድዩ በሰከንዶች ውስጥ ወንዙ ውስጥ ገባ። በዛ ሳምንት ክላስ የገባው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው፣ ሾፌሮቹ እኮ ስንቴ ተመላልሰውበታል። ያን ቀን መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩትና እስኪ ንገሩኝ አልኳቸው፣ አምስት ደቂቃ በአማርኛ ተረኩልኝ፣ እኔ ደግሞ ከአፋቸው እየተቀበልኩ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሺፕ፣ ብሪጅ፣ ኮላፕስ፣ ሬስኪው፣ ፖትሆል። ፖትሆል የገባው ድልድዩ ላይ የነበሩት ሰራተኞች በሌሊት የአስፋልት ጉድጓድ እየሞሉ ስለነበር ነው፣ ስምንት ነበሩ፣ ሁለቱ ተረፉ ስድስቱ ሞቱ፣ የሞቱት ሁሉ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ይሄን ስናገር ክላሱ ጸጥ አለ። ግማሾቹ የሌሊት ሺፍት ሰራተኞች ናቸው፣ ምን እንደተሰማቸው አንቺም ትገምቺዋለሽ።

ከዛ እኔ ራሴ በቀላል እንግሊዝኛ የጻፍኳትን መቶ ቃል የማትሞላ ጽሁፍ አደልኳቸው። ጋዜጣውን እንዳለ አትስጫቸው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ አራት መስመር ይሄድና ያስጨንቃቸዋል። መጀመሪያ ሲያነቡ ቁጥሮቹን ብቻ እንዲያሰምሩ ነው የማደርገው። እና አደጋው የደረሰው 1:28 ኤኤም ይላል፣ አንዷ ገና የመጣች ልጅ እጇን አወጣችና «ታዲያ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሆነ እንዴት ድልድዩ በመኪና አልተጨናነቀም?» አለች። ኤኤም ማለት ጠዋት ነው ተብላ ተምራለች፣ አንድ ሰዓቱን ደግሞ በኛ አቆጣጠር ወስዳዋለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ28 መሆኑን ሳስረዳት ሌሎችም ተነሱ፣ አንዱ የሐኪም ቀጠሮ አምልጦታል፣ ሌላዋ ስራ ቦታ ያለ ሰዓቷ ሄዳ በር ላይ ቆማለች፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰዓት ብቻ ስንሰራ አለቀ፣ እኔ ያላቀድኩት ግን የሚያስፈልጋቸው ትምህርት እሱ ነበር።

ርዕሱ ላይ ደግሞ «ሲክስ ፕሪዙምድ ዴድ» የሚል ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሞተዋል ነው ወይስ አልሞቱም?» አሉኝ። ያኔ ገና አስከሬናቸው አልተገኘም፣ ግን በህይወት ይገኛሉ የሚል ተስፋም የለም፣ ይሄን በአማርኛ በአንድ ቃል ማለት አቃተንና ስንከራከር ቆይተን አንዱ «ተስፋ ተቆርጦባቸዋል» አለ፣ ሁሉም ተስማማ። ያቺን ቃል እስካሁን አልረሷትም። የዜና ርዕስ በዚህ በኩል ትልቅ ሀብት ነው፣ «አር» እና «ዘ» የሚሉትን ይጥላል፣ ያለፈውን ነገር አሁን እንደሚሆን አድርጎ «ሺፕ ሂትስ ብሪጅ» ይላል። ርዕሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት ስትያቸው ግራመር ነው ሳትያቸው ግራመር ይሰራሉ። በሚቀጥለው ክላስ መርከቧ ሜይዴይ፣ ማለትም የድረሱልኝ ጥሪ፣ ብላ ስለጠራች ፖሊሶች ድልድዩ ላይ መኪና እንዳይገባ እንዳስቆሙ አነበብንና ከሱ ተነስተን የአደጋ ጊዜ ስልኩን 911 መደወል ተለማመድን፣ የት ነህ፣ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ተጎዳ። አንድ ዜና ለሁለት ሶስት ክላስ ይበቃል፣ በየቀኑ አዲስ አታሳድጂ።

ሁሌ አደጋ ብቻ ደግሞ አይሁን። ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን 2:06:26 ገብቶ የኦሎምፒክ ሪከርድ ሲሰብር ያን ሳምንት ማንም ከክላስ አልቀረም። መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የተተካው፣ ሪዘርቭ፣ ኢንጀርድ፣ ሪፕሌስድ የሚሉት ቃላት ከዚህ በተሻለ ታሪክ አይገቡም። ሁሉም ራሱ መተረክ ይፈልጋል፣ አፉን የማይከፍተው እንኳን ተናገረ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በጀማሪነቴ በ2021 የሰሜኑን ጦርነት ዜና ይዤ ገባሁ፣ ወቅታዊ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዷ ተማሪዬ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፣ ቤተሰቦቿን በስልክ ካገኘች ወራት አልፏት ኖሯል። የቀሩትም ቀና ብለው እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፣ እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ከየት ከየት እንደመጡ፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ ሳታውቂ የሀገር ቤት ፖለቲካ አታምጪ። የብሩ ምንዛሬ፣ የአየር ሁኔታ፣ የኪራይ ዋጋ፣ ስፖርት፣ እነዚህ ይበቃሉ።

ጽሁፉን ቀላል ስታደርጊው የድሮውን የቪኦኤ (የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ) ስፔሻል ኢንግሊሽ አስቢ፣ ከ1959 ጀምሮ በ1,500 ገደማ ቃላት፣ በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀስ ተብሎ የሚነበበው። እኔም አዲስ አበባ እያለሁ ጆሮዬ የተፈታው በሱ ነው። ቻትጂፒቲም (የኤአይ ፕሮግራሙ) ጽሁፉን ያቀልልልሻል፣ ግን ቁጥሮቹንና ስሞቹን ከዋናው ዜና ጋር ሳታስተያዪ አታድይ።

የድልድዩ ጽሁፍና የ911 መለማመጃው እስካሁን አለኝ፣ ኢንቦክስ ጻፊልኝና ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ተማሪዎችሽ ስንት እንደሆኑና ከመጡ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው አብረሽ ጻፊልኝ፣ ለጀማሪ የሚሆነው ለብቻው ነው።