ስለ ፎርሙላ ዋን ሙከራ ጠይቁኝ፣ ከደሴ ነኝ

ሰላም ወዳጆች፣ ትናንት ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንዱ ልጅ "ሹፌሩ ሳይንዝ በ2025 ባህሬን ሙከራ ላይ በዊሊያምስ ቡድን መኪና ከሁሉም ፈጥኖ፣ ዋንጫውን እንዴት ማክላረን ወሰደው?" አለኝ። ሙከራ ማለት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቡድኖቹ መኪናቸውን የሚፈትሹበት ነው፣ ሁሉም የሚጭነው ነዳጅ ስለሚለያይ የአንድ ዙር ፍጥነት ብቻውን አያሳይም። እሱን ስመልስ አመሸሁ፣ ሌላም ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ጥ፦ ነዳጅ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል እንዴ?
መ፦ በጣም እንጂ ወንድሜ! ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭኖ ሐረጎን የሚወጣው አይሱዙና ባዶውን የሚወጣው እኩል ይሄዳሉ? እንደ ትራኩ ቢለያይም 10 ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ይበላል፣ እስከ 2025 ድረስ ለውድድር የሚፈቀደው ደግሞ 110 ኪሎ ነበር፣ ስለዚህ በሙሉ ታንክና በባዶ መሀል 3 ሰከንድ አለ። ስንት እንደጫኑ ደግሞ ለማንም አይናገሩም።

ጥ፦ ታዲያ እኛ በምን እንወቅ?
መ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አንዷን ፈጣን ዙር ተውዋትና ሳይቆም ተከታታይ የሚሮጠውን እዩ። እስከ 2025 በነበሩት መኪኖች ባህሬን ላይ በዙር ወደ 1.8 ኪሎ ይቃጠል ነበር፣ 15 ዙር በተከታታይ ከሮጠ ሲወጣ ቢያንስ 27 ኪሎ ይዞ ነበር ማለት ነው። እኔ ደብተር ይዤ ዙር በዙር ነው የምጽፈው። መኪናው በየዙሩ ስለሚቀል በዚሁ ስሌት 0.05 ሰከንድ ያህል መፍጠን አለበት፣ ዙሩ የሚፈጀው ሰዓት ባለበት ከቆመ ግን ያችን ጎማው እየበላት ነው፣ በየዙሩ 0.1 እየጨመረ ከሄደ ጎማው 0.15 እያጣ ነውና ውድድር ላይ ይሰቃያል። ከሁሉም የማምነው ጋራዥ ሳይገባ ጎማ ብቻ እየቀየረ የባህሬን ውድድርን 57ቱንም ዙር የሚጨርሰውን ነው፣ ውድድር ላይ ነዳጅ መሙላት ከ2010 ጀምሮ ስለተከለከለ ያን ቀን ስንት ይዞ እንደተነሳ በግምት ይታወቃል።

ጥ፦ ጎማውስ?
መ፦ እሱም አለ ጋሼ፣ ለስላሳውና ደረቁ በጣም ይለያያሉ። ሰዓቱንም እዩ፣ ባህሬን ቀን ትራኩ ይግላል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይፈጥናሉ፣ የቀትሩን ከማታው ማወዳደር አይሆንም።

ጥ፦ ነዳጅ ቀንሶ የሚያታልል አለ?
መ፦ ሲጠረጠር ኖሯል። ፕሮስት የሚባል ቡድን በ2001 ሙከራ ላይ ከላይ ታየ፣ ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 4 ነጥብ፣ 2002 ሲገባ ቡድኑ ከሰረ። ግን ፈጣኑን ሁሉ አትጠርጥሩ፣ በ2009 ብራውን የተባለው ቡድን በሙከራ ሲበር "ክብደት ቀንሶ ነው" ያሉ ነበሩ፣ ሹፌሩ ባተን ግን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ።

ጥ፦ እኔ የፌራሪ ደጋፊ ነኝ፣ በሙከራ አንደኛ ከወጣን ደስ ይበለኝ?
መ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግን 2019ን አትርሺ። ባርሴሎና ሙከራ ላይ የፌራሪው ቬትል የመርሴዲሱን ሐሚልተን በ0.003 ሰከንድ በለጠው፣ ከዛ የመጀመሪያዎቹን 8 ውድድሮች መርሴዲስ ጠራርጎ ወሰደ።