አንቀጹን ስታነቡ ቀኑንም ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሕግ የምታጠኑም ፖለቲካ የምትከታተሉም፣ «ፕሬዝዳንት ፓርላማ የመበተን ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው» እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ደግ ክርክር ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ብቻ ትቆማላችሁ። በጥብቅና ያረጀ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ያሳስበዋል። ፓርላማው ተበተነ እንበል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ማን ይመልሰዋል? በስንት ቀን?

ለዚህ ጥያቄ የፓኪስታንን ታሪክ አንብቡ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

በ1954 ጠቅላይ ገዥው ጉላም ሙሐመድ ሕገ መንግሥት የሚያረቀውን ጉባኤ በተነ። የጉባኤው መሪ ታሚዙዲን ካን ከሶ የሲንድ ክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ፈረደለት። በ1955 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ኮርኔሊየስ ብቻ ነበሩ።

ዋናው ታሪክ ግን በ1985 ይጀምራል። በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ማሻሻያ አንቀጽ 58(2)(ለ)ን አስገባ። ፕሬዝዳንቱ «መንግሥት በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊሠራ አልቻለም» ብሎ ካመነ ምክር ቤቱን ይበትናል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የተመረጡት አራት ምክር ቤቶች አንዳቸውም ዘመናቸውን አልጨረሱም።

መጀመሪያ በ1988 ዚያ ራሱ የመረጠውን ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኔጆን ከነፓርላማው አሰናበተ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ነሐሴ ላይ ዚያ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «መበተኑ ሕገ ወጥ ነበር» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ምርጫው ደርሷል ተብሎም ፓርላማው ሳይመለስ ቀረ። ረትተሃል፣ ግን የምንሰጥህ የለም እንደማለት ነው። በሙያዬ እንዲህ ያለ ፍርድ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ደንበኛ አውቃለሁ፤ ፊቱን ማየት ከባድ ነው።

በ1990 ፕሬዝዳንት ጉላም ኢስሐቅ ካን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤናዚር ቡቶን ከነፓርላማዋ አባረረ፤ በ1993 ደግሞ ተተኪዋን ናዋዝ ሻሪፍን። በዚህኛው ጊዜ ፍርድ ቤቱ 40 ቀን ሳይሞላ ሻሪፍን ከነፓርላማው መለሰው። ድል ይመስላል አይደል? በሐምሌ ፕሬዝዳንቱም ሻሪፍም በጦሩ ግፊት ሥልጣን ለቀቁ፤ ፓርላማውም እንደገና ተበተነ። ቤናዚር ተመልሳ መጣች፣ የራሷን ፓርቲ ሰው ፋሩቅ ሌጋሪን ፕሬዝዳንት አስደረገች። በ1996 ያባረራት እሱው ነው። ባጎረስኩ ተነከስኩ።

በ1997 ሻሪፍ አንቀጹን አሰረዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔራል ሙሻራፍ በታንክ መጣ። «አንቀጹ መተንፈሻ ነበር፤ ቢቀር ኖሮ ጦሩ ባልወጣ» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ጦሩ በ1977 ሲወጣ ያ አንቀጽ ገና አልተጻፈም ነበር። ሙሻራፍም አንቀጹን መልሶ አስገባው፤ በ2010 በአሥራ ስምንተኛው ማሻሻያ እንደገና ተሰረዘ።

ከዚያ 2022 መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ካን የመተማመኛ ድምፅ ሊያጣ ሲል ምክትል አፈ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አደረገ፤ ፕሬዝዳንቱም በኢምራን ካን ምክር ምክር ቤቱን በተነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአራተኛው ቀን ሻረው። ድምፅ ተሰጠ፣ ኢምራን ካን ወረደ። ውሳኔውን መውደድ መጥላት የናንተ ነው። እኔ የምላችሁ አራቷን ቀን እንድታዩልኝ ነው። ከ1988ቱ ጋር አስተያዩት።

ወደ እኛ ስትመለሱ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 60 ክፈቱ። የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት በራሱ ሐሳብ ምክር ቤት አይበትንም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው የሚያስበትነው፤ እሱም በምክር ቤቱ ፈቃድ። አዲስ ምርጫ በስድስት ወር ውስጥ መደረግ አለበት። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ሲራዘም መበተን ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ነበር፤ የተመረጠው ግን የሕገ መንግሥት ትርጉም ነው። ያኔ ብዙ ተከራክረናል። አንድ ፓርቲ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወንበር በያዘበት ምክር ቤት ግን «የምክር ቤቱ ፈቃድ» የሚለው ልጓም ማንን ይይዛል? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ፣ ይቺን ውሰዷት።