የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቀዘቀዙ አቶሞች ሙቀት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ብርሃን ያረፈበት ነገር ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። ታዲያ ሌዘር አቶምን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጋዝ ሙቀት አቶሞቹ በየአቅጣጫው የሚሯሯጡበት ፍጥነት መለኪያ ነው። ከምድጃ የወጣ የሶዲየም አቶም በሰከንድ 1000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፊት ለፊቱ ከሚመጣ የ589 ናኖሜትር ሌዘር አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲውጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ፎቶኑን መልሶ የሚለቀው በዘፈቀደ አቅጣጫ ስለሆነ የመልቀቁ ግፊት በብዙ ዙር እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የመዋጡ ግፊት ግን እየተደመረ ይሄዳል። አቶሙን ለማቆም ከ30,000 በላይ ፎቶኖች ያስፈልጋሉ።

ችግሩ አቶሙ በቀዘቀዘ ቁጥር የዶፕለር ለውጡ (በአቶሙ እንቅስቃሴ ምክንያት የሌዘሩ ድግግሞሽ ለአቶሙ ተለውጦ የሚታይበት መጠን) ማነሱና ሌዘሩ አቶሙ ከሚውጠው ብርሃን ድግግሞሽ ጋር መለያየቱ ነው። ዊልያም ፊሊፕስና ሃሮልድ ሜትካልፍ በአሜሪካ ጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያገኙት መፍትሔ አቶሞቹን ጥንካሬው በየቦታው በሚለያይ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ማሳለፍ ነበር። መስኩ የአቶሙን ድግግሞሽ እያዛወረ እስከ መጨረሻው ከሌዘሩ ጋር ያስማማዋል።

ጥያቄ፦ ፊሊፕስ የ1997ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከስቲቨን ቹ እና ከክሎድ ኮኸን-ታኑጂ ጋር ተጋርቷል። ከምርምር ሥራዎቹ የትኛው ይልቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በእኛ ሚዛን የ1988ቱ የሙቀት ልኬት። በጊዜው የታመነበት ስሌት ሶዲየም በሌዘር ከ240 ማይክሮኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ 240 ሚሊዮንኛ ዲግሪ) በታች አይወርድም ይል ነበር፤ ይህ የዶፕለር ወሰን ይባላል። ቹና ባልደረቦቹ በ1985 በቤል ላብስ ስድስት የሌዘር ጨረሮችን አገናኝተው የለኩት ሙቀትም ከዚሁ ቁጥር ጋር ስለተስማማ ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። የፊሊፕስ ቡድን ግን 40 ማይክሮኬልቪን ገደማ አገኘ።

ከተጠበቀው የተሻለ ውጤት መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውጤት ነው፤ ቡድኑም ከአንድ በላይ በሆነ ዘዴ ፈተሸው። አንደኛው ዘዴ አቶሞች ሲደርሱበት የሚያሳየውን የመፈተሻ ጨረር ከአቶሞቹ በላይ ማድረግ ነበር። በ240 ማይክሮኬልቪን አንድ የሶዲየም አቶም በአንድ አቅጣጫ ያለው የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ነውና ወደ ላይ ቢወረወር የመሬት ስበት እስኪመልሰው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይወጣል። በ40 ማይክሮኬልቪን ግን ፍጥነቱ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወደ ላይኛው ጨረር የሚደርሱት አቶሞች ማነስ በራሱ ምስክር ነው።

የድሮው ስሌት አንድ ሌላ ነገርም ይተነብይ ነበር፤ ሌዘሩ ከአቶሙ ድግግሞሽ ብዙ ከራቀ ሙቀቱ ይጨምራል። በላቦራቶሪው የታየው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱን ኮኸን-ታኑጂና ዣን ዳሊባርድ በፓሪስ፣ ቹና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ አብራሩት። ስሌቱ አቶሙን ባለ ሁለት የጉልበት እርከን አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ሶዲየም ግን በታችኛው እርከኑ ውስጥ ብዙ ንዑስ እርከኖች አሉት፤ የጨረሮቹ ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ከቦታ ቦታ ሲለዋወጥ አቶሙ በእነዚህ መካከል እየተሸጋገረ ተጨማሪ ጉልበት ያጣል።

ጥያቄ፦ በጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሩቢዲየም 87 አቶሞቼ ይታያሉ፤ ሙቀታቸው ግን ከ140 ማይክሮኬልቪን አልወርድ አለኝ። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ይህ ቁጥር ለሩቢዲየም የዶፕለር ወሰን ከሆነው 146 ጋር መቀራረቡ ፍንጭ ነው፤ ከወሰኑ በታች የሚያወርደው ሁለተኛው የማቀዝቀዝ ሂደት፣ ማለትም ከላይ ያየነው በንዑስ እርከኖች መካከል የሚደረገው ሽግግር፣ እየሠራ አይመስልም። ዋነኛው ተጠርጣሪ የተረፈ መግነጢሳዊ መስክ ነው። የመሬት መስክ ግማሽ ጋውስ (ጋውስ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) ያህል ነው፤ በታችኛው እርከን አንድ ጋውስ ንዑስ እርከኖቹን በ0.7 ሜጋኸርዝ ስለሚያራርቅ ይህ ብቻውን ይበቃል። በሦስቱም አቅጣጫ ማካካሻ ጥቅልሎችን ተጠቅመህ መስኩን ወደ 10 ሚሊጋውስ አውርደው። አቶሞቹን አጥምደው የሚይዙትን ዋና ጥቅልሎች ካጠፋህ በኋላም በብረት ቫክዩም ክፍሉ ውስጥ የሚዞረው ኤሌክትሪክ መስኩን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ያቆየዋል፤ እስኪያልፍ ጠብቅ። ከዚያ የ780 ናኖሜትሩን ሌዘር ከአቶሙ ድግግሞሽ ከ40 እስከ 60 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርገህ፣ ኃይሉን ቀንሰህ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ አቆየው። ከታችኛው ጨለማ እርከን አቶሞቹን የሚመልሰውን ሁለተኛ ሌዘር ግን አታጥፋ፤ ካጠፋኸው አቶሞቹ ብርሃን መዋጥ ያቆማሉ።

ልኬቱንም ፈትሽ። የአቶሞቹን ደመና ልቀቀውና ከ2 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ባሉ የተለያዩ ጊዜያት ፎቶ አንሳ። የስፋቱን ካሬ በጊዜው ካሬ ላይ ስትስል ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ የመስመሩ ቁልቁለት በአቶሙ ክብደት ተባዝቶ በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ሲካፈል ሙቀቱን ይሰጣል። በአንድ ፎቶ ብቻ ከተማመንህ የደመናው የመነሻ ስፋት እንደ ሙቀት ይቆጠርብሃል። የካሜራው ማጉያ በ10 በመቶ ከተሳሳተ ሙቀቱ በ20 በመቶ ይሳሳታል። ማጉያውን ለማረም ከካሜራው ሌላ መሣሪያ አያስፈልግህም፤ ደመናው በ20 ሚሊሰከንድ 1.96 ሚሊ ሜትር መውደቅ አለበት።