የአሜሪካ ሴጋ በ220 ቮልት

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ አሮጌ ሴጋ ጀነሲስ አምጥቶልኛል፤ የመጀመሪያው ትልቁ ሞዴል ነው። አዳፕተሩ ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። ጠፍጣፋ እግሩ እዚህ ሶኬት ላይ እንዲገባ መቀየሪያ ገዝቻለሁ። ልሰካው? ካልሆነ ቤት ውስጥ 12 ቮልት የራውተር አዳፕተር አለ፤ ጃኩ ልክ ይገባል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ሁለቱንም እንዳይሰኩ። የገዙት መቀየሪያ የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ 220 ቮልቱ እንዳለ ያልፋል። የሴጋዎ አዳፕተር ውስጡ ትራንስፎርመር ነው። ለ120 የተጠመጠመ ሽቦ 220 ሲገባበት ከአቅሙ በላይ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። እስኪቃጠል ድረስም ወደ ሴጋው እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይልካል።

የራውተሩ አዳፕተር ዋናው ችግር ፖላሪቲው፣ ማለትም የጃኩ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ ነው። ይህ ሴጋ የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ፣ 1.2 አምፒር፣ የጃኩ መሃል ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። የራውተርና የካሜራ አዳፕተሮች በአብዛኛው መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ጃኩ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ቮልቱም ቢሆን ይበዛል። ሴጋው ውስጥ ያሉት 7805 የሚባሉ ሬጉሌተሮች 5 ቮልት አስቀርተው ትርፉን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። 1 አምፒር ሲሳብ በ9 ቮልት 4 ዋት፣ በ12 ቮልት ግን 7 ዋት ሙቀት ይወጣል።

የሚገዙት አዳፕተር መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፤ መውጫው 9 ቮልት ዲሲ፣ ከ1.5 እስከ 2 አምፒር፤ ጃኩ 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር ይሁን። አምፒሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ሴጋው የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሲያንስ ግን ቮልቱ ይወርዳል፣ ምስሉ ላይ መስመር ይመጣል፣ ጨዋታው መሃል ላይ እንደገና ይነሳል። መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ 9 ቮልት የጊታር ኢፌክት አዳፕተር ካገኙ አምፒሩን ሳያነቡ አይግዙት፤ ብዙዎቹ ከ1 አምፒር በታች ናቸው።

መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ ብቻ ከተገኘ መገልበጥ ይቻላል። ከሶኬት ነቅለው ገመዱን ከጃኩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይቁረጡ። ከአራቱም ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ይላጡ። አንዳንዱ ገመድ አንዱ ሽቦ በሌላው ላይ የተጠቀለለበት ነው፤ ሲላጥ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። ከዚያ አቀያይረው በካውያና በሊድ ይበይዱ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በናስትሮ ይጠቅልሉ። በነጭ መስመሩ ብቻ ፖዘቲቩን አይገምቱ፤ መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ ወደ ጃኩ ቀዳዳ ያስገቡ፣ ጥቁሩን ውጪውን ያስነኩ። −9 አካባቢ ካሳየ ትክክል ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ ከሌለ ግን ወደ ሴጋው አያስጠጉት።

ሁለተኛው ትንሹ ጀነሲስ ከሆነ ነገሩ ይለያል፦ 10 ቮልት፣ 0.85 አምፒር፣ መሃሉ ፖዘቲቭ፣ ጃኩም ቀጭን ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፕሌይ ስቴሽን 1 አለኝ፤ አዳፕተር የለውም፣ ገመዱ በቀጥታ ነው የሚገባው። ገመዱን ብቀይረውስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ገመድ መቀየር አያድነውም፤ ፓወር ሰፕላዩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ለ120 ቮልት የተሠራ። 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ለ120 በተሠራ ቦርድ ላይ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ብዙውን ጊዜም ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ይፈነዳል። የሚሻለው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ማሽኑ ከ20 ዋት በላይ ስለማይፈልግ 50 ዋት ይበቃዋል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠውን ቀላል ማውረጃ ግን አይግዙ፤ ትራንስፎርመር የሌለበት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ዕቃ አይሆንም።

ሁለተኛው አማራጭ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው የአውሮፓ ማሽን ላይ የ220 ቦርድ ማዛወር ነው፤ የሶኬቱና የብሎኑ ቦታ መግጠሙን አስቀድመው ያመሳክሩ። ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቮልት ይዞ ስለሚቆይ፣ በመልቲሜትር ለክተው ዜሮ መጠጋቱን ሳያዩ ቦርዱን አይንኩ።

ከዚህ በኋላ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ከፓወሩ አይደለም። ማሽኑ የሚያወጣው ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የአሜሪካ የቀለም ሲስተም ስለሆነ፣ የቴሌቪዥኑን የቀለም ሲስተም ከፓል ወደ አውቶ ወይም ኤንቲኤስሲ ይቀይሩ።