በቤቴ ሐዘን እያለ መሳቄ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ባለቤቴ ከታመመ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። ሌት ተቀን ከአልጋው አጠገብ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጃችን የአባቷን ሳል ስታስመስል ሳላስበው ከልቤ ሳቅሁ፤ እርሱም ሳቀ። ወዲያው ግን አፈርሁ። አንዲት ዘመዴም «በዚህ ጊዜ የሚያስቅ ምን ተገኘ?» አለችኝ። ቀድሞ ጥልፍ እጠልፍ ነበር፤ እርሱ ከታመመ ወዲህ የጀመርሁትን ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እጄ ይናፍቀዋል። ለጸሎት እንኳ በቂ ጊዜ ሳላገኝ ለክርና ለመርፌ ጊዜ መስጠት ግን ድፍረት ይመስለኛል። ደግሞስ አሁን ብቀመጥ ምን ልጠልፍ? ውስጤ ደርቋል። ጌታ «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው» ብሎ የለም? በሐዘን ውስጥ ደስታን መፈለግ ከዚህ ብፅዕና መውጣት አይሆንብኝም ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ለባለቤትዎ ምሕረቱን ይላክ። አልበደሉም። ይልቅስ ከጻፉልኝ ሁሉ ልቤን የያዙት ሁለት ቃላት ናቸው፤ እርስዎ ሳያስተውሏቸው አልፈዋል። «እርሱም ሳቀ» ይላሉ። ዘጠኝ ወር በሕመም የተኛ ሰው ሳቀ! እኔ ብሆን በዚያች ሌሊት ስለዚያች ሳቅ ምስጋና አደርስ ነበር እንጂ ንስሐ አልገባባትም።

የጠቀሱት የጌታ ቃል ደግሞ ግማሹ ነው። ሙሉው «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው፥ መጽናናትን ያገኛሉና» ይላል (ማቴ. 5፥4)። ብፅዕናው ያረፈው መጽናናቱን በመቀበሉ ላይ ነው። መጽናናት ሲመጣ በሩን ዘግቶ «እኔ አዛኝ ነኝ፣ አልቀበልም» ማለት ትሕትና ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተላከልንን መመለስ ነው። በሕፃን አፍ የመጣ መጽናናትስ ለምን ይናቃል? ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ራሱና ስለ ባልንጀሮቹ ሲናገር «ኀዘንተኞች ስንሆን ዘወትር ደስ ይለናል» ብሏል (2ኛ ቆሮ. 6፥10)። ሐዘኑ አልፎ ደስታው እስኪተካ አልጠበቀም። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ነበሩ።

ዘመድዎን አይቀየሟቸው። የፈሩት ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእርግጥ አለ። ነቢዩ አሞጽ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ በመሰንቆ እየተንጫጩ፣ የወይን ጠጅ በፋጋ (በትልቅ ጽዋ) የሚጠጡትን ሰዎች ይወቅሳል (አሞ. 6፥4-6)። የተወቀሱት ስለ መሰንቆው አይደለም፤ መሰንቆውንማ ዳዊትም ይዞታል። የተወቀሱት በዮሴፍ፣ ማለትም በወገናቸው በእስራኤል መከራ ስላላዘኑ ነው። እንግዲህ መለኪያው ይህ ይመስለኛል፦ ደስታው ጆሮዎን ከሕመምተኛው ጩኸት ይደፍናል ወይስ አይደፍንም? እርስዎ የሳቁት ከባለቤትዎ ጋር፣ ከአልጋው አጠገብ ሆነው ነው። ከአልጋውም ሌት ተቀን አልራቁም። የአሞጽ ተግሣጽ እርስዎን አያገኝዎትም።

ስለ ድካምዎ አጭር ቃል ልጨምር። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን ተመኝቶ ከክትክታው ዛፍ በታች በወደቀ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። ዳቦና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰውና ደግሞ አበላው (1ኛ ነገ. 19)። የእግዚአብሔርን ድምፅ በኮሬብ ተራራ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «እኔ ልጠብቅልሽ፣ አንቺ ተኚ» ቢልዎት እሺ ይበሉ።

አሁን ወደ ጥልፉ። አበው «ሥራን ትቶ መጸለይ» ብቻ አላስተማሩንም። ታላቁ አባታችን እንጦንስ በምድረ በዳ ተቀምጦ ሳለ ስልቹነትና የሐሳብ ጨለማ ያዘው። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጸለየ። ወጣ ሲል እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲጎነጉን አየ። እርሱን ለማጽናት የተላከ መልአክ ነበር፤ «እንዲሁ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። ልብ ይበሉ፤ መልአኩ ጸሎቱን ከጉንጎናው በላይ አንጠልጥሎ አላሳየውም፤ አንዱን በሌላው ውስጥ አፈራረቀው። የመርፌዎ አንድ መውጫና መግቢያ «አቤቱ ማረን» ለማለት ይበቃል። በቂ የጸሎት ጊዜ አጣሁ ላሉት ይህ አንዱ መልስ ነው።

ከጥንት ገዳማውያን መካከል አባ ጳውሎስ የሚባል አባት ደግሞ ከገበያ እጅግ በራቀ በረሃ ይኖር ነበር። የእጁን ሥራ ለመሸጥ ቢወስደው የመጓጓዣው ዋጋ ከሽያጩ ይበልጥ ነበር። እርሱ ግን በየቀኑ የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ፣ በእርሱ የሚተዳደር ይመስል የዕለት ድርሻውን ይሠራ ነበር። ዋሻው በዓመት ሥራው ሲሞላ ሁሉንም አቃጥሎ እንደ ገና ይጀምራል። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ የሞኝ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ እንዲያ አላስብም። እጅ ሲሠራ ልብ ከመቅበዝበዝ ይሰበሰባልና። የእርስዎ ጨርቅ ማንም ላይገዛው፣ ከግድግዳ ላይ ላይሰቀል ይችላል። ይሁን። (አቃጥሉት ግን አልልዎትም!)

«ውስጤ ደርቋል፣ ምን ልጠልፍ?» ያሉት ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ ነው፤ እኔም በአንድ ወቅት ደርሶብኛል። የቅርብ ሰው ቀብሬ ስመለስ ለወራት ስብከት ማዘጋጀት አቃተኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ቢኖር በየማታው ከመዝሙረ ዳዊት ጥቂት መስመር በእጄ መገልበጥ ነበር። የራሴ ቃል ስላልነበረኝ የሌላውን ጻፍሁ። የፊደሉን ቅርጽ ማሳመር ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። የራሴ ቃል መቼ እንደ ተመለሰ አላውቅም፤ ሳላውቀው ተመልሶ ነበር።

እስራኤል ተማርከው «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን» ያሉበትን መዝሙር ያስታውሱ (መዝ. 136፣ በሌላው ቁጥር 137)። መሰንቆዎቻቸውን በአኻያ ዛፎች ላይ ሰቀሉ። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» አሉ። መዘመር አንችልም ያሉበት ይህ ቃል ግን ራሱ መዝሙር ሆነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንዘምረዋለን! የሚያምር ነገር እስኪመጣልዎ አይጠብቁ። ድርቀቱንም ቢሆን ይጥለፉት። ጥቁርና ግራጫ ክር ብቻ የሚመጣልዎ ከሆነ በጥቁርና በግራጫው ይጀምሩ።

የተቋረጠ ሥራ ያሳፍራል፤ ካቆሙት ብዙ ጊዜ ስለሆነ እንደ ቀድሞው አይሆንም ብለው ይፈሩ ይሆናል። ነቢዩ ኤርምያስ በጸሐፊው በባሮክ እጅ ያስጻፈውን ክርታስ (ጥቅል መጽሐፍ) የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ ከፊቱ በነበረው እሳት ጣለው (ኤር. 36)። ባሮክ ቀድሞውንም «በልቅሶዬ ደክሜአለሁ፣ ዕረፍትም አላገኘሁም» ብሎ ያማረረ ሰው ነው። ሆኖም ሌላ ክርታስ ወሰዱና የተቃጠለውን ሁሉ እንደ ገና ጻፉ። በዚያ ላይ እንደ ቀድሞው ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት ይላል መጽሐፉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘመ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ከ404 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ 407 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በስደት ሳለ፣ እርሱ ራሱ እየታመመ፣ በሐዘን ለተጎዳችው ለዲያቆናዊት ኦሊምፒያስ የማጽናኛ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። እስከ እኛ የደረሱት 17 ናቸው። ከሕመም አልጋ ላይም የሚሠራ ነገር አይጠፋም ማለት ነው፤ ይህን ለባለቤትዎ ጭምር ነው የምናገረው።

እንዴት ልጀምር ካሉ፣ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ሕመምተኛው ሲተኛ ወይም አጠገቡ ተቀምጠው። መጨረስ ግዴታ አይደለም። ማታ ከጸሎት በፊት በዕለቱ ያገኟትን አንዲት ደስታ በስሟ ጠርተው ያመስግኑ፤ «ስለ ሁሉ ተመስገን» ብሎ ከማለፍ «ዛሬ ጠዋት በመስኮት ስለ ገባው ብርሃን» ማለት ልብን ያነቃል። ጌታ ለተጨነቁ ሰዎች የሜዳ አበቦችን ልብ አድርጉ ያለው (ማቴ. 6፥28) በጭንቀት ሰዓት ማየት እንደሚያድን ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። እንቅልፍና ምግብ ፈጽሞ ከራቁዎት፣ ወይም የመሞት ሐሳብ የሚመላለስብዎት ከሆነ ክርና መርፌ አይበቃም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ይሂዱ። ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚለው ሲራክ (38፥1) ስለ ሥጋ ቁስል ብቻ የተናገረ አይመስለኝም።

አሁን ሣጥኑን ይክፈቱት። ባለቤትዎ ዐይናቸውን መግለጥ ከቻሉ የሚቀጥለውን ክር ቀለም እርሳቸው ይምረጡ፤ ትንሿም መርፌው ውስጥ ታስገባልዎት።