በ41 ዓመት ከዕቃ ግምጃ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እንደ ገለጹልኝ ዕድሜዎ 41 ነው፤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራሉ፤ በ10+3 የተመረቁበት የሰፕላይስ ማኔጅመንት ዲፕሎማም አለዎት። ልጆችዎ ከፍ ከፍ ስላሉ፣ የቆየ ምኞትዎን ፈጽመው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለመሆን፣ ደሴ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆነው ሊመዘገቡ ነው። ኮሌጁ የሚያስተምረው መስክ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ “ለላይብረሪም ይሆናል” ተብለው የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም ተዘጋጅተዋል፤ ባለቤትዎ ግን ጊዜው አልፏል ይላሉ። እርስዎም የጠየቁኝ እውነት ጊዜው አልፎ እንደሆነ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከዕድሜዎ ይልቅ ክፍያው ነው።

የዕድሜውን ነገር በአጭሩ ልመልስ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። በትርፍ ጊዜ የሚወሰድ የዲግሪ ትምህርት አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል ቢባል እንኳ በ46 ዓመትዎ ጨርሰው 14 ዓመት ማገልገል ይችላሉ። ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። የባለቤትዎን ስጋት ግን አልንቀውም፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ የሚጎዳው የተሳሳተ መስክ መርጦ አራት ዓመት ማባከን ነው። የሃያ ዓመት ወጣት ሲሳሳት መልሶ ለመጀመር ጊዜ አለው፤ እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ ለመማር አቅምም ሆነ ገንዘብ የሚተርፍዎ አይመስለኝም።

ስለዚህ አሠራሩን ከታች ወደ ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ የሚፈልጉትን የሥራ መደብ ይለዩ፣ ቀጥሎ መደቡ የሚጠይቀውን የትምህርት ዝግጅት ይወቁ፣ ኮሌጁን በመጨረሻ ይምረጡ። ይህን የምለው በአገራችን የሙያው ስያሜ ስለተለዋወጠ ነው። ቀደም ሲል ትምህርቱ ላይብረሪ ሳይንስ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ አገሮች ጭምር የታሰበ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ከተከፈተ ወዲህ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚለው ስም እየገነነ ሄደ። ኢንፎርሜሽን ሲስተምና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደግሞ ስማቸው ቢቀራረብም ሌላ ሙያ ናቸው። የክፍት የሥራ ማስታወቂያ ላይ “ላይብረሪ ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ወይም ተዛማጅ” የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ልብዎ “ተዛማጅ” የምትለዋ ላይ እንዳያርፍ። የእርስዎ ዲግሪ ተዛማጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ኮሌጁ ሳይሆን የቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ውሳኔውን የሚሰሙትም ከተመረቁ በኋላ፣ ማስረጃዎን ይዘው መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ነው።

በመሆኑም ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ቦታ ይሂዱ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ክፍል ገብተው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን መደቦችና ለእያንዳንዱ የሚጠየቀውን የትምህርት መስክ ይጠይቁ፤ ይህንኑ በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ፣ ከዚያም በሚኖሩበት ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይድገሙት። የሰጡዎትን መልስ በማስታወሻ ይያዙና ከኮሌጁ የትምህርት ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ካታሎግ (የመጻሕፍት ዝርዝር አዘገጃጀት)፣ ክላሲፊኬሽን (መጻሕፍትን በይዘት መመደብ)፣ የመዛግብት አያያዝ የሚሉ ኮርሶች ከሌሉበት፣ ኮምፒውተር ስላለበት ብቻ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት አይሆንም። ኮሌጁ በዚያው መስክና በዚያው ካምፓስ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ፤ ለአንዱ መስክ የተሰጠ ዕውቅና ለሌላው አያገለግልም። በዲፕሎማዎ ወደ ዲግሪ ለመግባት የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫ ያስፈልግ እንደሆነም መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ “ክፍል ባይገቡም እናስመርቅዎታለን” የሚል ተቋም ካጋጠመዎ ያኔውኑ ተሰናብተውት ይውጡ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ላይ “ጸጥ ያለ ቦታ፣ ከመጽሐፍ ጋር” የሚል ሐረግ አይቻለሁ። ፈተና ሲደርስ ያለውን የንባብ አዳራሽ ባዩት ኖሮ እንዲህ ባልጻፉ ነበር። ደብተር አስቀምጦ ለጓደኛው ቦታ የሚይዘውን መለየት፣ ስልክ የሚያወራውን ማስወጣት፣ አንዱን ማጣቀሻ አርባ ተማሪ ሲፈልገው ማዳረስ፣ ማታ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተተወውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ መደርደሪያው መመለስ የዕለት ሥራ ነው። ለማንበብ የሚተርፈው ጊዜ ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው።

በሌላ በኩል እርስዎ ባዶ እጅዎን አይገቡም። ሞዴል 19 ቆርጦ ዕቃ የተረከበ፣ በሞዴል 22 ወጪ ያደረገ፣ በቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መከታተያ ካርድ) እየመዘገበ ዓመታዊ ቆጠራ ያለፈ ሰው፣ አንድ ዕቃ የት እንዳለና በማን እጅ እንደሆነ የማወቅን ጥንቃቄ አስቀድሞ ለምዶታል። አዲስ የሚሆንብዎ መጽሐፉን በይዘቱ መለየት ነው። መጻሕፍትን በይዘታቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ የአስርዮሽ ምደባ እስልምናን የሚመለከት መጽሐፍ 297፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይውላል። የወሎን መንዙማ የሚያጠና መጽሐፍ ቢመጣስ ሃይማኖት ውስጥ ይግባ፣ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ወይስ ዜማ ውስጥ? ይህን አስቦ መወሰንና ምክንያቱን ማስረዳት ነው ሙያው።

ከውጭ የመጣው ሥርዓት ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጭበትም ቦታ አለ። አበበ ከበደ የተባለ ደራሲ በፈረንጆቹ ደንብ “ከበደ፣ አበበ” ተብሎ ቢመዘገብ የተጻፈው የአባቱ ስም ነውና ፈላጊው “አበበ” ብሎ ፈልጎ ያጣዋል፤ የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት። በ1965 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍም በአውሮፓ አቆጣጠር 1972/73 መሆኑ ካልተገለጸ የሌላ ዘመን መጽሐፍ ይመስላል። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል ሰው በጸሎቱ ጸም፣ በሃሌታው ሀም ሊጽፈው ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንዲያገኝ ማድረግ የካታሎገሩ ሥራ ነው። በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ኮሃ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ፣ ልጆችዎ ከጫኑልዎ ቤትዎ ባሉት መጻሕፍት ሊለማመዱበት ይችላሉ።

በግልጽ ልንገርዎትና፣ “ላይብረሪያን” ተብሎ የሚወጣ ክፍት መደብ ጥቂት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዘው ለሙያው ያልተማረ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ እርስዎ ያላነሱትን መዝገብ ቤት አብረው ያስቡበት። መዝገብ ቤት የሌለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፤ የሪከርድና ማህደር ሥራ ከቤተ መጻሕፍት ሙያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የግምጃ ቤት ልምድዎም እዚያ ይበልጥ ይቆጠርልዎታል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ወሎ በጽሑፍ ቅርስ የታደለ አገር ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት አሉ፣ በመስጊዶችና በሼኾች እጅ የሚገኙ በዓረብኛና በአጀሚ (የአገር ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል) የተጻፉ ኪታቦች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ዩኒቨርሲቲውም ሙዚየሙም ተዘርፈዋል፤ ምን እንደነበረ በትክክል የተመዘገበበት ዝርዝር ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የዚህ ከተማ ሰው አይቶታል።

እስከዚያው፣ በሚኖሩበት ኮምቦልቻ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አነጋግረው ለአንድ መንፈቀ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ያገልግሉ። አቧራውንና ቆሞ መዋሉን ጀርባዎ ይችለው እንደሆነ፣ ተማሪዎቹንም ይወዷቸው እንደሆነ የሚያውቁት እዚያ ነው፤ ሲጨርሱም የምስክር ደብዳቤ ይጠይቁ። የፋብሪካውን ሥራ ግን የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ አይልቀቁ። በሚለቁበት ቀንም የሥራ ልምድ ማስረጃዎንና የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ሳይቀበሉ ከግቢው አይውጡ። ኮሌጁ የምዝገባው ቀን ያልፋል ብሎ ቢያስቸኩልዎ፣ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ያገኙትን መልስ ከላኩልኝ መስኩን አብረን እንመርጣለን።