ከሽማግሌው በፊት ሐኪሙን

ልጆቼ፣ እኔ ደሴ ውስጥ በነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሃይማኖታችሁ ለተለያየ፣ አንዳችሁ ደግሞ የልብ ሕመም ላለባችሁ ፍቅረኞች ነው።

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መጋባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ ተስፋዬ፣ አባቱ መሐመድ የሆነበት ቤት ሞልቷል። ሠርግ ላይ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ሐዘን ላይ ግን ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ቤተሰብ “ሃይማኖቷ አይሆንም” ሲል ቶሎ አላምንም። ብዙ ጊዜ ከኋላው ሌላ ጥያቄ አለ። ትወልዳለች ወይ? ነገ አንድ ነገር ብትሆንስ? ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ነውር ስለሚመስል በሃይማኖት ይመካኛል።

በሥራዬ በብዛት ያየሁት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ይጀምርና የልብን ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈውን የልብ በር፣ ይጎዳል። እንዳይብስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይሰጣል። እርግዝና ላይ የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ቫልቩ ለጠበበ ልብ ይህ ከባድ ሸክም ነው። አንዷ በክትትል በሰላም ትገላገላለች። የሌላዋ ቫልቭ አስቀድሞ መታከም አለበት። ባታረግዝ የሚሻላትም አለች። የብረት ቫልቭ የገባላት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነስታችሁ ሐኪም ይንገራችሁ እንጂ ጎረቤት አይንገራችሁ።

አንድ የኮምቦልቻ ሙስሊም ልጅ ልቧን የሚያማትን የደሴ ክርስቲያን ልጅ ወደደ። እናቱ እምቢ አሉ። ልጅቷ ስትፈቅድ ለክትትል ቀኗ እናቱን ይዞ መጣ። እኚያ እናት ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። “ዳገት ስትወጣ ለምን ትቆማለች?” ብለው ነው የጠየቁት። ሐኪሙ አስረዳቸው፣ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ አባት ግን ልባቸው ሳይፈቅድ ነው የዳሯት። ሁሉም እሺ እስኪል የሚጠብቅ አያገባም።

አንተ ጤነኛው፣ ማስታመም ምን እንደሆነ ቀድመህ እወቅ። ሆስፒታል ወለል ላይ ማደር አለ፣ ለደም ምርመራ መመላለስ አለ። የማትችለው ከሆነ ዛሬውኑ ንገራት። በእናትህ ግን አታመካኝ፤ ዕድሜ ልኳን እናትህን እንድትጠላ ታደርጋለህ።

አንቺ ደግሞ ሕመምሽን ከእሱ አትደብቂ። ጸበል ሂጂ፣ የእሱ ቤተሰቦች ዱአ ሲያደርጉልሽም አሜን በይ። መርፌውን ግን አንድም ወር አትዝለይ። ለቀጠሮ አብራችሁ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማርገዝ እችላለሁ? መቼ? እስከዚያስ ለልቤ የሚስማማው መከላከያ የትኛው ነው? ሦስተኛውን ገና ሳትጋቡም ቢሆን ጠይቁ። እኛ ነርሶች በዚህ አንደነግጥም።